የፋሲካ ቀን፦ ከፈረንጆቹ ጋር አንዳንዴ ገጥሞ፣ አንዳንዴ በአምስት ሳምንት ተራርቆ የሚውለው ለምንድን ነው?

የገና ልዩነት ለማስረዳት ቀላል ነው። ፈረንጆቹ ዲሴምበር 25 ያከብራሉ፣ እኛ ጃንዋሪ 7፤ ልዩነቱ በየዓመቱ 13 ቀን ነው። ፋሲካ ላይ ግን ይህ መልስ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2024 የምዕራባውያኑ ማርች 31፣ የእኛ ሜይ 5 ዋለ፤ 35 ቀን። በ2025 ሁለቱም ኤፕሪል 20 ዋሉ። በ2026 የእነሱ ኤፕሪል 5፣ የእኛ ኤፕሪል 12፤ 7 ቀን። በ2027 ደግሞ ልዩነቱ ተመልሶ 35 ቀን ይሆናል። «እነሱ በአቆጣጠር ስለሚቀድሙን ነው» የሚለው የተለመደ መልስ ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱንም አያስረዳም።

እንዳንደናገር፦ ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልኩት የእኛን፣ «እ.ኤ.አ.» ያልኩት የፈረንጆቹን ዘመን ነው። የወር ስሞቹም እንደዚያው ይለያሉ።

ለመሆኑ ደንቡ ምን ይላል?

ደንቡ አንድ ነው፤ ምሥራቁም ምዕራቡም ይቀበለዋል። እ.ኤ.አ. በ325 የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ ክርስቲያኖች ሁሉ ፋሲካን በአንድ እሑድ እንዲያከብሩ ወሰነ። ከዚያ ወዲህ የጸናው አሠራር እንዲህ ነው፦ በፀደይ ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበትን ዕለት ያዝ፤ ከዚያ ዕለት ጀምሮ የምትሞላውን የመጀመሪያዋን ጨረቃ ፈልግ፤ እሷን ተከትሎ የሚመጣው እሑድ ፋሲካ ነው። ጨረቃዋ እሑድ ዕለት ከሞላች ያ እሑድ ይታለፍና የሚቀጥለው ይያዛል።

ስለዚህ ሦስት ነገር መገጣጠም አለበት፦ ፀሐይ (የእኩሌታው ዕለት)፣ ጨረቃ (ሙሉዋ) እና ሰንበት (እሑድ)። ሦስቱ በራሳቸው አይገጥሙም። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ከሩብ ገደማ ነው፤ ዐሥራ ሁለት የጨረቃ ወር ደግሞ 354 ቀን። በመካከላቸው በየዓመቱ 11 ቀን ይተርፋል። ረመዳን በፀሐይ አቆጣጠር ሲታይ በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ቀድሞ የሚገባውም በዚሁ ትርፍ ነው፤ የእስልምና አቆጣጠር በጨረቃ ብቻ ስለሚሄድ ትርፉን አይመልሰውም። የአይሁድ አቆጣጠር አንዳንድ ዓመት ላይ አንድ ሙሉ ወር እየጨመረ ይመልሰዋል። ክርስቲያኖች ደግሞ ሠንጠረዥ አወጡ፤ ጨረቃ በ19 ዓመት አንዴ ወደ ተነሣችበት የፀሐይ ቀን ስለምትመለስ የ19 ዓመት ሙሉ ጨረቃዎችን አንዴ መዝግቦ እያዞሩ መጠቀም ይቻላል። በእኛ ዘንድ ይህ የ19 ዓመት ዙር ንዑስ ቀመር ይባላል።

ደንቡ አንድ ከሆነ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ሁለቱ ወገኖች የሚያነቡት ሠንጠረዥ ስለተለያየ ነው፤ መለያየቱም ሁለት ቦታ ላይ ነው።

የመጀመሪያው የፀሐይ ጉዳይ ነው። የድሮው የዩልዮስ አቆጣጠር ዓመቱን 365 ቀን ከ6 ሰዓት ያደርገዋል። እውነተኛው ዓመት ከዚያ በ11 ደቂቃ ያህል ያንሳል። 11 ደቂቃ ምንም አይመስልም፤ ሆኖም በ128 ዓመት አንድ ሙሉ ቀን ይሆናል። በ16ኛው መቶ ዘመን አቆጣጠሩ ከሰማዩ 10 ቀን ስለራቀ፣ የሮማው ሊቀ ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1582 አሥሩን ቀን ቆርጦ ጣለው፤ ሐሙስ ኦክቶበር 4 ያደረ ሰው የነቃው ዓርብ ኦክቶበር 15 ነው። ምሥራቆቹ አልተከተሉም። የእኛም አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ሳያዛንፍ ጳጉሜን 6 ስለሚያደርግ ከዩልዮሱ ጋር እኩል ይሄዳል። ዛሬ በሰማይ ላይ ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑት መጋቢት 11 አካባቢ ነው። የድሮው ሠንጠረዥ ግን አሁንም ዕለቱን መጋቢት 25 ላይ ያስቀምጠዋል፤ በፈረንጅ ኤፕሪል 3 መሆኑ ነው። የምዕራቡ ሠንጠረዥ ማርች 21 ላይ ያደርገዋል።

ሁለተኛው የጨረቃ ጉዳይ ነው፤ ይህኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። የ19 ዓመቱ ዙርም ፍጹም አይደለም። 19 የዩልዮስ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይረዝማል። ይህ እየተጠራቀመ በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይሆናል። ስለዚህ የድሮው ሠንጠረዥ ዛሬ «ሞላች» የሚላት ጨረቃ በሰማይ ላይ ከሞላች አራት አምስት ቀን ሆኗታል፤ ቀና ብሎ ላየ ሰው ጎደል ማለት ጀምራለች። ጎርጎርዮስ ይህንንም አርሞታል። ሆኖም የምዕራቡም ቤተ ክርስቲያን የምትጠቀመው ሠንጠረዥ ነው እንጂ በየዓመቱ ሰማይ አይታይም።

ታዲያ ልዩነቱ ለምን 13 ቀን አይሆንም?

እሑድ ላይ መውደቅ ስላለበት ልዩነቱ ሁልጊዜ ሙሉ ሳምንት ነው፤ 13 ቀን ፈጽሞ ሊሆን አይችልም። ሊሆን የሚችለው 0፣ 1፣ 4 ወይም 5 ሳምንት ነው። ሁለትና ሦስት የሌለበትን ምክንያት በዕቁብ ማየት ይቻላል።

ሁለት መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁለት ዕቁብ አለ እንበል። የሁለቱም ደንብ «ደመወዝ በወጣ በቀጣዩ እሑድ ይጣላል» ይላል። የአንደኛው ደመወዝ ሁልጊዜ ከሌላው አራት ቀን ቀድሞ ይወጣል። አንዱ ሰኞ ሌላው ዓርብ ከተከፈላቸው ሁለቱም ዕቁብ በአንድ እሑድ ይጣላል። አንዱ ሐሙስ ሌላው በቀጣዩ ሰኞ ከተከፈላቸው ግን አንድ ሳምንት ይለያያሉ። የ0 እና የ1 ሳምንት ልዩነት ይህ ነው፤ የጨረቃው ሠንጠረዥ ያመጣው።

አሁን አንድ ደንብ እንጨምር፦ «ዕቁቡ የሚጀመረው ከተወሰነ ቀን ወዲህ በሚወጣው የመጀመሪያ ደመወዝ ነው»። ለአንዱ ቀኑ ማርች 21፣ ለሌላው ኤፕሪል 3 ነው። ደመወዙ በሁለቱ ቀኖች መካከል ከወጣ አንደኛው ይጀምራል፣ ሌላው ግን «ገና ነው» ብሎ አንድ ሙሉ ወር ይጠብቃል። የ4 እና የ5 ሳምንት ልዩነት ይህ ነው፤ የፀሐዩ 13 ቀን ያመጣው።

በእውነተኛ ዓመት እንየው። እ.ኤ.አ. በ2026 ጨረቃ የሞላችው ሐሙስ ኤፕሪል 2 ነው፤ ምዕራቦቹ ተከትሎ የመጣውን እሑድ፣ ኤፕሪል 5ን ያዙ። በእኛ ሠንጠረዥ ያቺው ጨረቃ የምትሞላው ሰኞ ኤፕሪል 6 ስለሆነ ፋሲካችን ኤፕሪል 12 ዋለ። ለ2027 ደግሞ ጨረቃ ማርች 22 ትሞላለች። ለምዕራቡ ከማርች 21 ወዲህ ስለሆነች ትበቃለች፤ ፋሲካቸው ማርች 28 ነው። ለእኛ ከመጋቢት 25 በፊት ስለሆነች አትቆጠርም። የምትቀጥለዋ ጨረቃ በሠንጠረዡ ኤፕሪል 25 ትሞላለች፤ ዕለቱ ደግሞ እሑድ ሆኖ ተገኘ። እሑድ ከሆነ ይታለፋል ብለናል፤ ስለዚህ ሜይ 2፣ ሚያዝያ 24።

እዚህ ላይ አንድ የተስፋፋ አባባል ማንሣት ይገባል። «የኦርቶዶክስ ፋሲካ የሚዘገየው የአይሁድን ፋሲካ ለመጠበቅ ነው» ይባላል። የሚቀድመን የአይሁድ በዓል መሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሒሳቡ ውስጥ የዛሬውን የአይሁድ አቆጣጠር የሚጠይቅ አንድም ደረጃ የለም። ሠንጠረዡ ስለዘገየ ብቻ ከኋላቸው ይገኛል።

ጌታ የተሰቀለበት ቀን ይታወቃል አይደል? ለምን በዚያው ቀን አይከበርም?

ይከበራል። መጋቢት 27 ጥንተ ስቅለት፣ መጋቢት 29 ጥንተ ትንሣኤ ተብለው በየዓመቱ ይታሰባሉ። ግን መጋቢት 27 ማክሰኞ ሊውል ይችላል፣ መጋቢት 29 ሐሙስ። ስቅለት ከዓርብ፣ ትንሣኤ ከእሑድ እንዳይለቁ ዋናው በዓል ተንቀሳቃሽ ተደረገ። ሊቃውንቱ «ኢየዓርግ ኢይወርድ» የሚሉት ይህንን ዕለት የመጠበቅ ሥርዓት ነው፦ ነነዌና ዐቢይ ጾም ከሰኞ፣ ደብረ ዘይት፣ ሆሳዕና፣ ትንሣኤና ጰራቅሊጦስ ከእሑድ፣ ስቅለት ከዓርብ፣ ዕርገት ከሐሙስ አይለቁም።

ባሕረ ሐሳብ እንዴት ይቆጠራል?

ባሕረ ሐሳብ የበዓላትንና የአጽዋማትን ቀን የምናወጣበት ቀመር ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት የቀመሩ ባለቤት የእስክንድርያው 12ኛ ፓትርያርክ ድሜጥሮስ ነው። የቀመሩ ስም ያስፈራል፤ ሥራው ግን መደመር፣ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው። ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ 2018 ዓ.ም.ን አብረን እናውጣ።

መጀመሪያ ዓመተ ዓለም። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደመራል፦ 2018 + 5500 = 7518።

ቀጥሎ ወንበር። ዓመተ ዓለሙ ለ19 ይካፈልና ከቀሪው 1 ይቀነሳል። 7518 ለ19 ሲካፈል 395 ደርሶ 13 ይተርፋል፤ 13 − 1 = 12። ወንበር 12 ነው። ወንበር ማለት ዓመቱ በ19ኙ ዙር ውስጥ የተቀመጠበት ስፍራ ነው።

ከዚያ አበቅቴና መጥቅዕ። አበቅቴ ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው ነው፦ 12 × 11 = 132፤ ቀሪው 12። መጥቅዕ ወንበሩ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው ነው፦ 12 × 19 = 228፤ ቀሪው 18። 11 የመጣው ከላይ ካየነው የፀሐይና የጨረቃ ዓመት ትርፍ ነው፤ 19 ደግሞ ያው 11 ከ30 ላይ ሲነሣ የሚቀረው። ስለዚህ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ይመጣሉ። እዚህ 12 + 18 = 30 ሆኗል፤ 30 ካልመጣላችሁ አትቀጥሉ፣ ተመለሱ።

መጥቅዕ ከ14 በላይ ከሆነ በመስከረም፣ ከ14 በታች ከሆነ በጥቅምት ይውላል። 14 ራሱ ቢመጣስ? አይመጣም። ከ19ኙ ወንበሮች አንዱም 14ን አይሰጥም። ስለዚህ የ2018 በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ነው።

አሁን መስከረም 18 ምን ዕለት እንደሚውል ማወቅ ያስፈልጋል። የቀን መቁጠሪያ ካለ ከዚያ ማየት ይቻላል። ከሌለ ዓመተ ዓለሙን ለ4 አካፍሉና (ቀሪውን ተዉት) ድርሻውን በዓመተ ዓለሙ ላይ ደምሩ፤ ድምሩን ለ7 አካፍሉ። 7518 + 1879 = 9397፤ ለ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል። 1 ቢተርፍ መስከረም 1 ማክሰኞ ነው፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ 4 ዓርብ፣ 5 ቅዳሜ፣ 6 እሑድ፤ ምንም ካልተረፈ ሰኞ። መስከረም 1 ሐሙስ ከሆነ መስከረም 15ም ሐሙስ፣ መስከረም 18 እሑድ ነው።

ቀጥሎ የዕለቱ ተውሳክ ይደመራል። ተውሳክ ማለት ጭማሪ ነው፦ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። የእኛው እሑድ ስለሆነ 18 + 7 = 25። ይህ መባጃ ሐመር ይባላል። መጥቅዕ በመስከረም ከዋለ ነነዌ በጥር ነው፦ ጥር 25።

ብዙ ሰው እነዚህን የተውሳክ ቁጥሮች ይሸመድድና ምክንያታቸውን ሳያውቅ ይቀራል። ከመስከረም 18 እስከ ጥር 18 አራት ወር፣ ማለትም 120 ቀን ነው። 120 ቀን 17 ሳምንት ከአንድ ቀን ስለሆነ መስከረም 18 እሑድ ከዋለ ጥር 18 ሰኞ ይሆናል። በዚያ ላይ 7 ሲጨመር ወደ ቀጣዩ ሰኞ ይደርሳል። ዓርብ ቢሆን ኖሮ ከአራት ወር በኋላ ያው ቀን ቅዳሜ ይሆናል፤ 2 ሲጨመር ሰኞ። የትኛውንም ዕለት ብትሞክሩ ተውሳኩ ሰኞ ላይ ያደርሳችኋል። የነነዌ ጾም ከሰኞ እንዳይለቅ የሚጠብቀው ይኸው ነው።

ከነነዌ በኋላ ያለው እጅግ ቀላል ነው። ከነነዌ እስከ ፋሲካ 69 ቀን ነው፤ ሁለት ወር ከ9 ቀን። ስለዚህ በመባጃ ሐመሩ ላይ 9 ደምሮ ሁለት ወር መሻገር ነው፦ 25 + 9 = 34፤ 30ው መጋቢትን ይጨርስና 4 ይተርፋል። ሚያዝያ 4። ሌሎቹም የየራሳቸው ተውሳክ አላቸው፦ ዐቢይ ጾም 14፣ ደብረ ዘይት 11፣ ሆሳዕና 2፣ ስቅለት 7፣ ርክበ ካህናት 3፣ ዕርገት 18፣ ጰራቅሊጦስ 28። በ2018 ዐቢይ ጾም ጥር 25 ላይ 14 ተጨምሮ የካቲት 9 ገባ፤ ከዚያ እስከ ፋሲካ ዋዜማ ሲቆጠር ልክ 55 ቀን ይመጣል።

የ2019ን በፍጥነት እናውጣው። 7519 ለ19 ሲካፈል ቀሪው 14፤ ወንበር 13፤ አበቅቴ 23፤ መጥቅዕ 7። ከ14 በታች ስለሆነ ጥቅምት 7። መስከረም 1 ዓርብ ነው፤ ጥቅምት 1 ሁልጊዜ ከመስከረም 1 ሁለት ዕለት ስለሚያልፍ እሑድ ይውላል፤ ጥቅምት 7 ቅዳሜ። የቅዳሜ ተውሳክ 8፤ 7 + 8 = 15። መጥቅዕ በጥቅምት ስለዋለ ነነዌ የካቲት 15፣ ፋሲካ 15 + 9፣ ሚያዝያ 24። ከላይ በጨረቃው መንገድ ካገኘነው ሜይ 2 ጋር አንድ ነው።

ሰው የሚሳሳተው የት ላይ ነው?

ብዙ ጊዜ ከወንበሩ ላይ ነው። 1 መቀነስ ይረሳል፤ ይህ ከተረሳ በኋላ ያለው ሁሉ ይበላሻል። 30 የመሆኑ ማረጋገጫም አያድንም፤ የተሳሳተው ወንበርም በራሱ 30 ይሰጣልና። ለ19 ተካፍሎ ምንም ካልተረፈ ወንበሩ 18 ነው። 1 ከተረፈ ወንበሩ ዜሮ ይሆናል፤ «አልቦ» ይባላል። ያኔ መጥቅዕ ዜሮ ነው ብሎ ጥቅምት ውስጥ መፈለግ ስሕተት ነው፤ 30 ተብሎ መስከረም 30 ይያዛል። 2006 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ዓመት ነበር፤ የሚቀጥለው 2025 ዓ.ም. ነው።

ሌላው መባጃ ሐመሩ ከ30 ሲያልፍ ነው። በ2017 መጥቅዕ መስከረም 29 ረቡዕ ዋለ፤ 29 + 4 = 33። ከ30 ስላለፈ 30ው ይወጣና ነነዌ በጥር መሆኑ ቀርቶ የካቲት 3 ይሆናል። ወሩን ሳይቀይር 3ን ብቻ የያዘ ሰው ነነዌን ጥር 3 ያደርገዋል። መፈተኛው እንዲህ ነው፦ ነነዌ ከጥር 17 በፊትና ከየካቲት 21 በኋላ፣ ፋሲካም ከመጋቢት 26 በፊትና ከሚያዝያ 30 በኋላ አይውልም። ከዚህ ወሰን የወጣ መልስ ካገኛችሁ አንድ ቦታ ተሳስታችኋል።

ወደ ፈረንጅ ሲመለስ ደግሞ ለሚያዝያ 8፣ ለመጋቢት 9 መደመር ይበቃል፦ ሚያዝያ 4 ኤፕሪል 12፣ መጋቢት 30 ሲደመር 39 ሆኖ ከማርች 31 ቀን ሲያልፍ ኤፕሪል 8። ይህ አቋራጭ እስከ እ.ኤ.አ. 2099 ድረስ ይሠራል። በ2100 ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪን 28 አድርገው ስለሚያልፉት አንድ ቀን ይዛነፋል፤ የገናውም ልዩነት ከዚያ በኋላ 14 ቀን ይሆናል።

ማን ከማን ጋር ያከብራል?

ከእኛ ጋር በአንድ እሑድ የሚያከብሩት ኤርትራውያን፣ ግብጻውያን ቅብጦች፣ ግሪኮች፣ ሩሲያውያን፣ ሰርቦች፣ ሮማኒያውያንና ሌሎች የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። ግሪኮች ገናን ዲሴምበር 25 ማክበራቸው ብዙዎችን ያሳስታል፤ ፋሲካን ግን በድሮው ሠንጠረዥ ነው የሚያወጡት። በተቃራኒው የፊንላንድ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፋሲካን ከምዕራቡ ጋር ታከብራለች፤ አርመኖችም በአብዛኛው እንዲሁ። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም በአገሩ ቀን ነው የሚውለው። ስለዚህ ጉዳዩ የሃይማኖት ክፍል ብቻ ሳይሆን የአገርና የጎረቤትም ነው።

ቀኑ ሲንቀሳቀስ ምን ምን አብሮ ይንቀሳቀሳል?

በዓለም ዙሪያ ፋሲካ ላይ የተንጠለጠሉ ልማዶች ሁሉ። የሪዮ ዴ ጄኔሮ ካርኒቫል ጭፈራ ከፋሲካ ጋር የሚገናኝ አይመስልም፤ ነገር ግን ማሳረጊያው ከምዕራቡ ፋሲካ 47 ቀን በፊት ያለው ማክሰኞ ነው፣ ጾም ሊገባ ሲል። የእኛ ቅበላ በሉት። በ2026 ፌብሩዋሪ 17 ዋለ፤ የእኛ ዐቢይ ጾም በገባ ማግስት ማለት ነው።

ግብጽ ውስጥ ደግሞ ከቅብጥ ፋሲካ ማግስት ያለው ሰኞ ሻም አል ነሲም ይባላል። ብሔራዊ በዓል ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቤተሰቡን ይዞ ወደ አባይ ዳርና ወደ መናፈሻ ይወጣል። ቀለም የተቀባ እንቁላልና ሽንኩርት ይዞ፣ ከዚያም ፊሲኽ የሚባለውን ለሳምንታት በጨው የተቀመመ ዓሣ ይበላል። ዓሣው በትክክል ካልተዘጋጀ ቦቱሊዝም የተባለውን ገዳይ መመረዝ ስለሚያመጣ የአገሩ ጤና ሚኒስቴር በየዓመቱ ያስጠነቅቃል። ዘጠና በመቶ ገደማው ሙስሊም የሆነ አገር የሚያርፍበትን ቀን የሚወስነው እኛ ከላይ ያወጣነው ሒሳብ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ያለውም ከጾሙ የመጣ ነው። ጾም ላይ ሰው እንቁላል ይተዋል፣ ዶሮ ግን መጣሏን አትተውም። የሚከማቸው እንቁላል ለፋሲካ ይቀርባል። ግሪኮች በጸሎተ ሐሙስ ቀይ ቀለም ይነክሩታል፤ ከትንሣኤ ሌሊት ጀምሮ ሁለት ሰዎች እንቁላል ለእንቁላል ያጋጫሉ፣ ያልተሰነጠቀበት ባለ ዕድል ነው። በኮርፉ ደሴት ቅዳሜ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ሰዎች ከሰገነታቸው ትልልቅ የሸክላ ማሰሮ ወደ መንገድ ይወረውራሉ፤ ከታች መቆም አይመከርም። ፖላንዶች ቅዳሜ እንቁላል፣ ዳቦ፣ ጨውና ቋሊማ በቅርጫት ይዘው ቤተ ክርስቲያን ያስባርካሉ፤ ሰኞ ደግሞ እርስ በርስ ውኃ ይረጫጫሉ። እኛ ዘንድ ጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ይበላል፣ ቅዳም ሥዑር ጠዋት ካህናቱ ለምለም ቄጤማ ያድላሉ፣ ምእመኑም በራሱ ላይ ያስራል። አክፋዩ ከዓርብ ጀምሮ እህል ውኃ ሳይቀምስ ቆይቶ ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ ቅዳሴው ሲያልቅ ይገድፋል። እንቁላሉ በ12 ብልት ከወጣችው ዶሮ ጋር ወጡ ውስጥ አለ።

የቀኑ መለያየት ገዝፎ የሚታየው ኢየሩሳሌም ነው። በጌታ መቃብር ላይ በታነጸው አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁለቱም ፋሲካ ይከበራል። ልዩነቱ አንድ ሳምንት ሲሆን ካቶሊኮቹ ትንሣኤን ሲያከብሩ ምሥራቆቹ ሆሳዕና ላይ ናቸው፤ በ2026 የሆነው ይህ ነው። ሲገጥሙ ደግሞ ማን በየትኛው ሰዓት በየትኛው በር እንደሚገባ የሚወስነው ለዘመናት የጸናው ስታተስ ኮ የሚባለው ስምምነት ነው። የእኛ መነኮሳት ከዚያው ሕንፃ ጣሪያ ላይ ባለው ዴር ሡልጣን ናቸው፤ ቅዳሜ ማታ ጥላ ዘርግተው ጧፍ አብርተው በጣሪያው ላይ ይዞራሉ።

ውጭ አገር ለምንሠራውስ?

ፈቃድ ለመጠየቅ የሚያስፈልገው የስቅለትና የማግሥቱ ቀን ስለሆነ አስቀድሞ ይያዝ። በ2019 ዓ.ም. ስቅለት ዓርብ ኤፕሪል 30፣ ፋሲካ ሜይ 2፤ የምዕራቡ ማርች 28። በ2020 ስቅለት ኤፕሪል 14፣ ፋሲካ ኤፕሪል 16፤ ከምዕራቡ ጋር ይገጥማል። በ2021 ፋሲካ መጋቢት 30፣ ኤፕሪል 8፤ የምዕራቡ ኤፕሪል 1። በ2022 ፋሲካ ሚያዝያ 20፣ ኤፕሪል 28፤ የምዕራቡ ኤፕሪል 21። አውሮፓ ውስጥ ቀኑ በማይገጥምበት ዓመት የአገሩ የፋሲካ ዕረፍት በጾማችን መካከል ያልፋል። የስልክ መቁጠሪያ ላይ «ኢስተር» ብሎ የሚመጣው የምዕራቡ ነው፤ «ኦርቶዶክስ» የሚለውን ፈልጉ።

አንድ ለማድረግ የሞከረ የለም?

አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 በሶርያዋ አሌፖ የተሰበሰቡ የአብያተ ክርስቲያናት ተወካዮች የኒቅያው ደንብ እንዳለ ይቆይ፣ ሠንጠረዦቹ ግን ሁለቱም ይቅሩና እኩሌታውና ሙሉዋ ጨረቃ በኢየሩሳሌም ሰማይ ላይ በሥነ ፈለክ ይለኩ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ ተግባር ላይ አልዋለም። በዚያ መንገድ ብዙ የሚለወጠው የምሥራቁ ቀን ነው፤ ምዕራቡ ከሰማዩ ጋር ቀድሞም ተቀራርቧል። ብሪታንያ ደግሞ በ1928 ፋሲካን ከኤፕሪል ሁለተኛ ቅዳሜ ቀጥሎ ባለው እሑድ የሚቸክል ሕግ አውጥታ ነበር። ሕጉ ጸድቋል፣ ግን እስካሁን ሥራ ላይ አልዋለም፤ አብያተ ክርስቲያናቱ ይስማሙ ሲባል እንደተቀመጠ አለ።

በ2020 ዓ.ም. ሚያዝያ 8 ሁሉም በአንድ ቀን ያከብራሉ። ያን ጊዜ የምዕራቡ ጨረቃ በሠንጠረዡ ሰኞ ኤፕሪል 10 ትሞላለች፤ እሷን ተከትሎ የሚመጣው እሑድ 16 ነው። የእኛዋ በሠንጠረዡ ዓርብ ኤፕሪል 14 ትሞላና ከፊቷ የምታገኘው እሑድ ያው 16 ይሆናል።